ሃምሳ አለቃና ሙሴያቸው

ልጅ ሳለሁ ነቢዩ ሙሴ ክላርኔት ይችላል ብዬ አምን ነበር።

ቀልድ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የትምህርት ቤታችን የማርሽ ባንድ አስተማሪ ከፖሊስ ኦርኬስትራ በጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ዳይሬክተሩም፣ ዘበኛውም፣ እኛም «ሃምሳ አለቃ» ነበር የምንላቸው። እሳቸው ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው «ሙሴ» ሳይሉ አያልፉም። «በሙሴ ጊዜ ቢሆን ይቺን ነፍተህ በበሩ አትወጣም ነበር!» «ሙሴ ይሄን ቢሰማ በትሩን አስቀምጦ ቤቱ ይገባ ነበር!»

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት የምመላለስ ልጅ ነኝ። በትር ያለው ሙሴ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ሃምሳ አለቃ እንደ ብዙ ሽማግሌዎች ከመጽሐፍ እየጠቀሱ የሚመክሩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እንደውም ኦሪት ዘፀአትን ከፍቼ የትንፋሽ ነገር የት ጋ እንዳለ ፈልጌያለሁ። እግዜር ይይላችሁ፣ አትሳቁ።

ሙሴ ማለት የዱሮ አዲስ አበባ ከፈረንሳይኛ ወስዶ ለአርመኑም፣ ለግሪኩም፣ ለፈረንሳዩም የሰጠው የአክብሮት መጠሪያ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የሃምሳ አለቃ ሙሴ ደግሞ ነርሲስ ናልባንዲያን የሚባሉ አርመን የሙዚቃ አስተማሪ መሆናቸውን ያወቅኩት ከዚያም በጣም ዘግይቼ፣ ሃምሳ አለቃ ካረፉ በኋላ ነው። ይሄ ጽሑፍ ስለ ሁለቱም ነው። የቱ ስለ የቱ እንደሆነ አንዳንዴ ለእኔም ይቀላቀልብኛል።

የሙዚቃ ክፍላችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ መጋዘን ነበረች። ናስ የሚወለወልበት ብራሶ ብራሶ ትሸታለች። ሦስት ክላርኔት፣ አራት ትራምፔት፣ ሁለት ትሮምቦን፣ አንድ ሳክስፎንና አንድ ትልቅ ከበሮ ነበረን። ግድግዳው ላይ ክር የሌለው ቫዮሊን በሚስማር ተሰቅሏል። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ስማችን «የማርሽ ባንድ» ነው። በሩ ላይ ግን ሃምሳ አለቃ በጠመኔ «ኦርኬስትራ» ብለው ጽፈዋል። ዝናብ ሲያጥበው እንደገና ይጽፉታል። አንዱ ልጅ «ኦርኬስትራ እኮ ቫዮሊን ይፈልጋል» ቢላቸው በአገጫቸው ወደ ሚስማሩ አመለከቱ። «ይኸው አለ።»

የመጀመሪያውን ወር መሣሪያ አልነካንም። ጧፍ አብርተው ከፊታችን ያቆማሉ። ነበልባሉ ሳይጠፋ እንዲያጎነብስ አድርገን ቀስ ብለን መንፋት አለብን። ጠንከር ካደረግን ይጠፋል፣ ካላላን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎንበስ ብሎ እንዲቆይ ነው የሚፈለገው። ሃምሳ አለቃ ሰዓታቸውን አውልቀው ይቆጥራሉ። አሥራ አንድ ልጆች በየተራ ጧፍ ላይ እፍ ስንል በመስኮት ያየን የሌላ ክፍል ተማሪ «እነዚህ ጥንቆላ ጀመሩ» ብሎ አስወራብን።

ወሬው ቤት ደረሰ። አባቴ ጥንቆላውን አላመነም። እሱን ያናደደው ሌላው ነው። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» አለኝ። ሃምሳ አለቃ ይሄን ሰምተው አንድ እሑድ ቤታችን መጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው። ስለ ሙዚቃ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቡና ጠጡ። ስለ እህል ዋጋ ተጨዋወቱ። ሊሄዱ ሲነሱ «ልጅዎ ሰዓት ያከብራል» አሉት አባቴን። አባቴ ከዚያ በኋላ ስለ አዝማሪ ነገር አላነሳም። እስከ ዛሬም ያ ጉብኝት ይገርመኛል። እውነቱን ለመናገር ሰዓት አላከብርም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማክበር ግድ ሆነብኝ።

አሁን ወደ ሙሴ።

ነርሲስ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1915 ዓይንታብ ተወለዱ። ዛሬ ጋዚያንቴፕ የምትባለው የቱርክ ከተማ ናት። አርመኖች እዚያ መጨፍጨፍ የጀመሩበት ዓመት ነው፤ የሚያውቅ ያውቃል። ቤተሰቡ ሸሽቶ ሶርያ፣ አሌፖ ገባ። ልጁ እዚያ አደገ።

አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ ቀድመው አዲስ አበባ ነበሩ። የዚህ ታሪክ መነሻ ኢየሩሳሌም ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. እዚያ ሲሄዱ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የናስ ባንድ አቁመው ሲጫወቱ ሰሙ። ወደዷቸው። አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አዲስ አበባ ገቡ። ሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከዓድዋ በኋላ ለአፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያ ከነአስተማሪው የላከችው ሩሲያ ናት። ከዚያ ስዊዘርላንዳዊ መጣ፣ አርመን መጣ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ ኮንቶሮቪች የተባለ ፖላንዳዊ ቫዮሊነኛ። የእኛ የባንድ ታሪክ በመጤ አስተማሪዎች የተሞላ ነው። ግማሾቹ ደግሞ ከሞት የሸሹ ናቸው። አገር የሌለው ሰው መጥቶ ለአገር መዝሙር ይሠራል። ኬቮርክ ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ጻፉ፣ ኬቮርክ ዜማውን። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና በዓል ላይ ተዘመረ፤ ንጉሡ እስኪወርዱ ድረስም የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ቆየ።

እኔ የደርግ ዘመን ተማሪ ስለሆንኩ ያንን መዝሙር አላውቀውም ነበር። አንድ ምሽት ግን ደብተር ረስቼ ወደ መጋዘኗ ተመለስኩ። ሃምሳ አለቃ ትሮምቦን ዘይት እየቀቡ አንድ ዜማ በአፍንጫቸው ያዜማሉ። ደስ የሚል፣ ቀጥ ያለ፣ ሰልፍ ሰልፍ የሚል። በሩን ስከፍተው ተቋረጠ። «ምን ረሳህ?» አሉኝ። ዜማው ምን እንደነበር የገባኝ ከሃያ ዓመት በኋላ በኢንተርኔት ስሰማው ነው። ለካስ የሙሴያቸው አጎት ሥራ ነበር።

ነርሲስ አዲስ አበባ የገቡት ጣሊያን ገና አገሪቱን እንደያዘ ነው። ወጣት ነበሩ። ብዙ ዓይነት መሣሪያ ይችላሉ። ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ ከአጎታቸው ተረከቡ። ከዚያ በኋላ የሠሩትን መዘርዘር ብጀምር ሥራ ፍለጋ የገባ ማመልከቻ ይመስላል። ባንድ አሠለጠኑ፣ መዘምራን አስተማሩ፣ ለቴአትር ሙዚቃ ደረሱ፣ በያሬድ ስም የተጠራው የሙዚቃ ትምህርት ሲጀመር ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው፣ ሲከፈት ሙዚቃውን የያዘው ፍራንዝ ዜልቬከር የሚባል ኦስትሪያዊ ነበር። እሱ ሲሄድ ቦታውን የያዙት ነርሲስ ናቸው።

ያ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ነው ሃምሳ አለቃን ያስገባቸው። በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ማለት ነው። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኸው ጌታቸው መኩሪያም በዚያው በር ነው የገባው፤ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ገና በልጅነቱ። በኋላ ወደ ቴአትሩ፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ሄደ። ሃምሳ አለቃም የመጨረሻ ማረፊያቸው ፖሊስ ሆነ። ልዩነቱ፣ አንዱን ዓለም ያውቀዋል፤ አንዱን አሥራ አንድ ልጅ።

የነርሲስ ትልቁ ሥራ ግን ቦታቸው አይመስለኝም። ጥያቄያቸው ነው። ጥያቄውን ሃምሳ አለቃ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጽፈውልን ነበር፤ እኔ እስከማስታውሰው ድረስ በሕይወቴ ከተማርኩት ትምህርት ሁሉ ግልጹ እሱ ነው።

ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለው ጻፉ። «ይሄ ምንድነው?»

«ትዝታ» አልን።

«ፋ አለ?»

«የለም።»

«ሲ አለ?»

«የለም።»

«ጥሩ። የፈረንጅ ኮርድ ሦስት ድምፅ ነው። አንዱን ትይዛለህ፣ አንዱን ትዘላለህ፣ ቀጣዩን ትይዛለህ። በሉ አውጡልኝ።»

አወጣን። ዶ-ሚ-ሶል መጣ። ላ-ዶ-ሚ መጣ። ሬ ላይ ስንደርስ ፋ ያስፈልጋል፣ የለም። ሚ ላይ ሲ ያስፈልጋል፣ የለም። ሶልም ላይ ሲ። ከአምስቱ ድምፅ ሙሉ ሆኖ የሚወጣው ኮርድ ሁለት ብቻ ነው።

«እንግዲህ» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ ጠመኔውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ፣ «አሥራ ሁለት ሰው አለህ። ሁሉም መንፋት ይፈልጋል። ሁለት ኮርድ ብቻ ነው ያለህ። ፋ ብትበደር ትዝታው ትዝታ አይሆንም። ሽሮ ላይ ስኳር ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢነፋ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ሰው ይበቃል። ምን ታደርጋለህ?»

መልስ አልሰጡንም። ደወል ተደወለ።

መልሱ ነው የነርሲስ የዕድሜ ልክ ሥራ። የእኛ ዜማ አንድ መስመር ነው። ዘፋኙ ይመራል፣ ማሲንቆው ይከተለዋል፣ እዚህም እዚያም ያስጌጠዋል። ስምምነት የሚባለው የፈረንጅ ነገር፣ የተለያዩ ድምፆችን አንድ ላይ ማስነፋት ማለት ነው፣ በቤቱ የለም። ትልቅ ባንድ ደግሞ ያለ ስምምነት አይቆምም። ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው ሌላ ጣጣ አላቸው። አንቺሆዬ እንደውም ድምፆቹ እንደ ጎረቤት ግንብ የተጠጋጉ ናቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ብታስነፋ ይፋጃሉ። ነርሲስ ይሄን ችግር ቁጭ ብለው ካጠኑትና ለትልቅ ባንድ መፍትሔ ካበጁት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ናቸው። የት መበደር እንደሚቻል፣ የት ዝም ማለት እንደሚሻል፣ የትኛው መሣሪያ አንዱን ድምፅ ይዞ ሌላው እላዩ ላይ እንደሚራመድ። የዘፈኑ ወርቃማ ዘመን ሲባል ሁላችን ድምፃዊውን እናስታውሳለን። ከጀርባው ያለውን የናስ ግድግዳ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ያንን ግድግዳ የሚሠራ ሰው ስሙ ሸክላው ላይ አይወጣም። ቢወጣም በትንሹ ነው።

ስለ ነርሲስ ከሚነገረው ሁሉ የሚያንገበግበኝ የ1955 ዓ.ም. ነገር ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት መዝሙር ደረሱለት። መዝሙሩ በመጨረሻ ወደ ጎን ተደረገ። ምክንያቱ ዜማው አልነበረም። ደራሲው በዘር አፍሪካዊ አይደሉም ተባለ። ሰውየው በዚያን ጊዜ ሩብ ምዕተ ዓመት አዲስ አበባ ኖረዋል፣ የኢትዮጵያን ቅኝት ከብዙ ኢትዮጵያዊ በላይ መርምረዋል። መጀመሪያ ከተወለዱበት ሰው «የእኛ አይደላችሁም» ብሎ አባረራቸው፤ ኋላ የኖሩበትም በትሕትና ያንኑ አላቸው። እንዴት እንደተቀበሉት አላውቅም፤ ማስተማራቸውን ግን አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1977 አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ምን ዓይነት ከተማ እንደነበረች ትላልቆቻችን ይነግሩናል። የአንድ አርመን አስተማሪ ሞት ወሬ የሚሆንበት ጊዜ አልነበረም።

ያሬድ ትምህርት ቤት በኋላ በአሸናፊ ከበደ መሪነት፣ በቡልጋሪያ እርዳታ ጭምር፣ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ። እሱ የራሱ ታሪክ ነው፤ ለሌላ ቀን። በነገራችን ላይ ሃምሳ አለቃ የቅዱስ ያሬድንና የትሏን ታሪክ ያልነገሩን ብቸኛ የሙዚቃ አስተማሪ ሳይሆኑ አይቀሩም። ደጋግማ የወደቀችውን ትል ሌላው መምህር ሁሉ አልፎ አልፎ ይጠቅሳታል። እሳቸው ልጅ ሲወድቅ «ከአራተኛው መስመር ጀምር» ነበር የሚሉት። በቃ።

ስለ ኖታው ልንገራችሁ። ፎቶ ኮፒ የለም። ትምህርት ቤቱ ያለችው አንዲት የማባዣ ማሽን ለፈተና ብቻ ናት። ባለ መስመር የኖታ ወረቀትም ገበያ ላይ አይገኝም። ሃምሳ አለቃ አምስት ቢክ እስክሪብቶ በሁለት ቀጭን ጣውላ መሃል አጣብቀው በላስቲክ አስረዋል። ጫፎቻቸው እኩል እንዲሆኑ በአሸዋ ወረቀት ሞርደዋቸዋል። ያንን በማስመሪያ እያስደገፉ አንዴ ሲስቡት አምስት መስመር ይወጣል። ሰማያዊ። አንዱ እስክሪብቶ ሁልጊዜ ይደርቅና ሦስተኛው መስመር ይሳሳል። እሱን በእጃቸው ይደግሙታል። ከዚያ ለአሥራ አንድ ልጅ አሥራ አንድ ደብተር ይጽፋሉ። የመጀመሪያ ክላርኔት፣ ሁለተኛ ክላርኔት፣ ሦስተኛ ክላርኔት እያሉ። በመጨረሻ በቀይ እርሳስ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ በነጠላ ሰረዝ ያመለክታሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሰረዙ የተለያየ ነው። ሳንባው ትንሽ ለሆነው ቶሎ ቶሎ፣ ለጎረምሳው ራቅ ራቅ።

እኔ ሁለተኛ ክላርኔት ነበርኩ። ሁለተኛ ክላርኔት ዜማ የለውም። አንደኛው ይዘፍናል፤ አንተ ከሥሩ አንድ ድምፅ ይዘህ ትቆያለህ። ሚ... ሚ... ሚ... ሬ... ሚ። እናቴ ቤት ስለማመድ ሰምታኝ «ይቺ ነገር ተበላሽታ ነው?» ብላኛለች።

በወላጆች ቀን ሪዷ ተሰነጠቀች። ሪድ ክላርኔቱ አፍ ላይ የምትታሰር የሸምበቆ ቅርፊት ናት፤ ያለ እሷ ክላርኔት እንጨት ነው። ለተርም አንድ ነበር የሚደርሰን። ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ሲጥ አለችና ዝም። ደነገጥኩ። መሣሪያውን ከአፌ ሳላወርድ የምነፋ መስዬ ቆምኩ። ማን ያውቃል ብዬ ነው። ማንም ሁለተኛ ክላርኔትን አይሰማም። አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል።

ከዚያ ሰማሁ። ሃምሳ አለቃ በትራቸውን እያወዛወዙ፣ ፊታቸው ወደ ትራምፔቶቹ ዞሮ፣ በአፍንጫቸው «ሚ» ይላሉ። የእኔን ድምፅ። ሙሉውን ክፍል እስከ መጨረሻው ያዙልኝ። ወደ እኔ ዞር አላሉም። ሲያልቅም አልተቆጡም። በማግስቱ መጋዘኗ ስገባ ወንበሬ ላይ በመሐረብ የተጠቀለለች ሪድ አገኘሁ። ከራሳቸው ክላርኔት የወጣች ነበረች፤ ጫፏ በጥርሳቸው ምልክት ተበልቷል።

ሙዚቀኛ አልሆንኩም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከአሥራ አንዳችን አንዱ ብቻ ነው በሙዚቃ እንጀራ የበላ፤ ሆቴል ውስጥ ይጫወት ነበር፣ አሁን ዲሲ ታክሲ ይነዳል። አስተማሪን በታዋቂ ተማሪው መለካት አልወድም። በዚህ ሚዛን ሃምሳ አለቃ ዜሮ ናቸው።

ጉለሌ ይኖሩ ነበር። እኔ ለሥራ በዚያ ሰፈር በታክሲ ዓመታት ተመላልሻለሁ። አንድም ቀን አልወረድኩም። ዛሬ እቸኩላለሁ፣ ለፋሲካ እሄዳለሁ፣ ባዶ እጄን አልገባም፣ ሁሉንም ብያለሁ። ማረፋቸውን የሰማሁት ለአርባቸው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ሄድኩ። ድንኳን ተተክሏል። ንፍሮ ይታደላል። የማውቀው ሰው የለም። ባለቤታቸው ጥቁር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

«እግዜር ያጥናዎት እማማ። የትምህርት ቤት ተማሪያቸው ነኝ።»

«ተባረክ ልጄ። የቱ ነህ?»

ስሜን ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። እንዴት ልንገራቸው ብዬ ግራ ገባኝና «ሁለተኛ ክላርኔት» አልኩ።

«እህ!» አሉ። ቀና ብለው በደንብ አዩኝ። «በግራው የሚጽፈው? አባቱ ቡና ላይ ጨው የሚጨምሩት?»

ቤት ውስጥ እንዲህ ነበር የሚያወሩን። በየመሣሪያችን። ሴትየዋ አሥራ አንዳችንንም ያውቁናል። ሦስተኛ ትራምፔት በቲቢ መታመሙን፣ ከበሮው ከእህቱ ልጅ ጋር መጣላቱን። ስማችንን ብቻ ነው የማያውቁት። ስወጣ በፌስታል የደብተር እሽግ ሰጡኝ። «አንተ ያዘው፣ እዚህ አይጥ ይበላዋል።»

ከደብተሮቹ ውስጥ በሌላ እጅ የተጻፉ፣ ወረቀታቸው የቢጫ ቢጫ የሆነ ጥቂት ገጾች ወጡ። ርዕሳቸው በላቲን ፊደል ነው፤ የኖታዎቹ ጭራ ቀጥ ያለና ቆንጆ ነው። ሃምሳ አለቃ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጥግ ላይ «ከሙሴ» ብለው ጽፈውበታል። የነርሲስ የእጅ ጽሑፍ ይሁን ወይስ የሌላ ገልባጭ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ያኔ ነው «ሙሴ» የሚለውን ቃል ይዤ ማንበብ የጀመርኩት። ቦስተን ያለው አይዘር ኦርኬስትራ የሚባለው ባንድ የነርሲስን ድርሰቶች ፈልጎ እንደተጫወተም ያኔ ነው ያወቅኩት። አሜሪካኖች ከኛ ቀድመው ደብተሩን ከፈቱት። ቀናሁም አፈርኩም፣ ሁለቱንም።

እሽጉ ውስጥ የኔ ደብተርም ነበር። «ሁለተኛ ክላ.» ይላል ሽፋኑ።

ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኪቦርድ ትማራለች። ባለፈው ሰሞን ደብተሩን ከመደርደሪያ አውርዳ ኪቦርዱ ላይ አቆመችውና መታ መታ አደረገች። ሚ። ሚ። ሚ። ሬ። ሚ።

«አባ፣ ይሄ ዘፈን ነው እንዴ? አንድ ነገር ነው የሚደጋግመው።»

«ቀጥዪ» አልኳት፤ እኔ አንደኛውን ክላርኔት በፉጨት ጀመርኩላት። ዜማው ሙሉ በሙሉ አልጠፋኝም ነበር። ሁለት መስመር ሄድን። ቆመች።

«ይቺ ቀይ ነገር ምንድናት?»

«እዚህ ጋ ተንፍሺ ማለት ነው።»

«በኪቦርድ?»

«በኪቦርድም።»

ጣቷን አነሳች። ተነፈሰች። ቀጠልን።